ባለ ቫኪዩም ቱቦ ዲጂታል-አናሎግ ቀያሪ

ባለ ቫኪዩም ቱቦ ዲጂታል-አናሎግ ቀያሪ፣ ባጭሩ ባለ ቱቦ ዳክ፣ በቁጥር መልክ የተቀመጠን ድምጽ ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይርና ሲግናሉን በቫኪዩም ቱቦ በኩል አሳልፎ ወደ አምፕሊፋየር የሚልክ የድምጽ መሣሪያ ነው። ከኮምፒውተር ወይም ከሲዲ ማጫወቻ የሚመጣ ዲጂታል ሙዚቃ በስፒከር ከመሰማቱ በፊት በእንዲህ ዓይነት ቀያሪ ማለፍ አለበት። ዳክ በእያንዳንዱ የእጅ ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ በትንሽ ቺፕ መልክ ይገኛል፤ ባለ ቱቦው ዓይነት ግን ራሱን የቻለ ሣጥን ሆኖ በብዛት የሚሠራው ለቤት ውስጥ ሙዚቃ አድማጮች ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የተሳሳተ ግንዛቤ ቱቦው ራሱ ቁጥሩን ወደ ድምጽ ይቀይራል የሚለው ነው። ቅየራውን የሚሠራው ቺፕ ወይም የሬዚስተሮች መረብ ነው፤ ቱቦው የሚገኘው ከቅየራው በኋላ በመውጫው ክፍል ነው። ስለዚህ አንዱን ቱቦ በሌላ መተካት የማጉያውን ክፍል ጠባይ ይለውጣል እንጂ የቅየራውን ጥራት አይለውጥም። ቱቦዎችን ማወዳደርም ሆነ መሣሪያውን በትክክል ማዋቀር ከዚህ ነጥብ ይነሣል።

የቫኪዩም ቱቦ አሠራር

ቫኪዩም ቱቦ አየሩ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። በዳክ ውስጥ በብዛት የሚያገለግለው ትራዮድ የተባለው ዓይነት ሲሆን ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት፦

• ካቶድ፦ በማሞቂያ ሽቦ ሲግል ኤሌክትሮኖችን የሚለቅ ክፍል፤
• አኖድ፦ ከፍተኛ አዎንታዊ ቮልቴጅ የሚሰጠውና ኤሌክትሮኖቹን የሚስብ ክፍል፤
• ግሪድ፦ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ፣ እንደ ወንፊት ክፍተት ያለው የሽቦ ጥቅል።

ግሪዱ ከካቶዱ አንጻር በጥቂት ቮልት አሉታዊ እንዲሆን ይደረጋል። አሉታዊ በመሆኑ ኤሌክትሮኖችን በከፊል ይመልሳል። በግሪዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ በትንሹ ሲለዋወጥ ከካቶድ ወደ አኖድ የሚፈሰው ጅረት በብዙ ይለዋወጣል። ነገሩ የቧንቧን መክፈቻ በጥቂቱ በማዞር ብዙ ውኃ እንደመቆጣጠር ነው። ይህ ተለዋዋጭ ጅረት በሬዚስተር ውስጥ ሲያልፍ ከገባው የሚበልጥ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ቱቦ የሚያጎላው በዚህ መንገድ ነው።

በብልቃጡ አናት ወይም ጎን ላይ የሚታየው ብርማ ቅብ ጌተር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከባሪየም የሚሠራ ሲሆን፣ ሥራው በውስጥ የቀረውን ወይም ቀስ በቀስ የሚወጣውን ጋዝ መዋጥ ነው። ብርማው ቅብ ወደ ነጭነት ከተለወጠ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቱቦ ከእንግዲህ አይሠራም።

ታሪክ

ቶማስ ኤዲሰን በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አምፖል ሲመራመር ከጋለው ሽቦ በአምፖሉ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ሌላ ብረት ጅረት እንደሚፈስ አስተውሎ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ይህን ክስተት ተጠቅሞ ሁለት ኤሌክትሮድ ያለውን ቱቦ ሠራ። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ደግሞ በ1906 ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ጨመረ፤ ከዚህ የማጉላት ችሎታ ያለው ቱቦ ተገኘ። ሬዲዮ፣ የረጅም ርቀት ስልክ፣ ቴሌቪዥንና የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች በቱቦ የተሠሩ ነበሩ። በ1946 ለሕዝብ የቀረበው ኢኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ወደ 18,000 የሚጠጉ ቱቦዎች ነበሩት።

በዲሴምበር 1947 በቤል ላብራቶሪ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። ትራንዚስተር ትንሽ፣ ቀዝቃዛና ርካሽ በመሆኑ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ቱቦን ከአብዛኛው ሥራ አስወጣው። ሶኒና ፊሊፕስ ያዘጋጁት ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ ማጫወቻዎቹ በቺፕና በትራንዚስተር ይሠሩ ነበር። ቱቦው ግን በጊታር አምፕሊፋየሮችና በአንዳንድ የሙዚቃ መሣሪያዎች ውስጥ ቆየ፤ ከዚያም በዲጂታል ማጫወቻዎች መውጫ ላይ እንደገና ታየ። ስለዚህ ባለ ቱቦ ዳክ የሁለት ዘመናት ቴክኖሎጂ በአንድ ሣጥን የተገናኙበት መሣሪያ ነው።

የዳክ ክፍሎችና የቱቦው ቦታ

በሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተወሰደ የቮልቴጅ ናሙና ነው። እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ስለሚጻፍ ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። ናሙና አወሳሰዱ ከከፍተኛው ድግግሞሽ እጥፍ በላይ ከሆነ የመጀመሪያው ሞገድ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ የናይኲስትና የሻነን ቀመር ይባላል። የ44,100 ግማሽ 22,050 ሄርትዝ ሲሆን የሰው ጆሮ ከሚሰማበት ወሰን (20,000 ሄርትዝ ገደማ) ያልፋል።

ሲግናሉ በዳክ ውስጥ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች እነዚህ ናቸው፦

1. መግቢያ፦ ዩኤስቢ፣ ኤስፒዲፍ ወይም ቶስሊንክ በተባሉ መስመሮች ቁጥሮቹን ይቀበላል።
2. ሰዓት፦ ናሙናዎቹ በእኩል ጊዜ ልዩነት እንዲወጡ ያደርጋል። የሰዓቱ መዛነፍ ጂተር ይባላል።
3. ቅየራ፦ የሬዚስተሮች መሰላል ወይም ዴልታ-ሲግማ የተባለው ዘዴ ቁጥሩን ወደ ጅረት ወይም ወደ ቮልቴጅ ይቀይራል።
4. ማጣሪያ፦ ከመስማት ወሰን በላይ ያለውን ትርፍ ሲግናል ይቀንሳል።
5. መውጫ፦ ሲግናሉን ለአምፕሊፋየር በሚመች መጠንና ኃይል ያቀርባል። ቱቦው ያለው እዚህ ነው።

በሲዲ ማጫወቻዎች የተለመደው ከፍተኛ የመውጫ መጠን 2 ቮልት ነው። ብዙ የቅየራ ቺፖች ይህን ያህል ቮልቴጅ ራሳቸው ወይም በአንድ ትንሽ ማጉያ እገዛ ይሰጣሉ። በመሆኑም ቱቦው በአንዳንድ ዳኮች ሲግናሉን የሚያጎላ ሲሆን፣ በሌሎች ደግሞ ሳያጎላ የሚያቀብል ብቻ ነው። ሁለተኛው አሠራር ካቶድ ተከታይ ይባላል፤ የማጉላት መጠኑ ከ1 ጥቂት ያንሳል። ቱቦ መቀየር በመጀመሪያው አሠራር ግልጽ የሆነ የመጠን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ በካቶድ ተከታይ ላይ ግን ለውጡ በጣም አነስተኛ ነው።

አንዳንድ ዳኮች ከመውጫው ሌላ በኃይል አቅርቦቱ ውስጥም ቱቦ ይጠቀማሉ። ይህ ማስተካከያ ቱቦ የሚባለው ሲሆን ተለዋዋጭ ጅረትን ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል። ጂዜድ34 እና 5ዩ4ጂ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። ድምጹ በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ አያልፍም፤ ሆኖም ለሌሎቹ ቱቦዎች የሚደርሰውን ቮልቴጅ ይወስናሉ።

የቱቦዎች አሰያየም

የቱቦ ስም ራሱ መረጃ ይዟል። በአውሮፓ አሰያየም የመጀመሪያው ፊደል ኢ ከሆነ ማሞቂያው የሚፈልገው 6.3 ቮልት ነው፤ ሲ ትራዮድን ያመለክታል፤ ሁለት ሲ ተከታትለው ሲመጡ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ትራዮድ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 8 ቁጥር ኖቫል የተባለውን ባለ ዘጠኝ እግር ሶኬት ይጠቁማል። በአሜሪካ አሰያየም ደግሞ መጀመሪያ ያለው ቁጥር የማሞቂያውን ቮልቴጅ በግምት ይናገራል፦ 6 ማለት 6.3 ቮልት፣ 12 ማለት 12.6 ቮልት ነው። አንድ ቱቦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ስሞች ሊኖሩት ይችላል፤ ለምሳሌ ኢሲሲ82 እና 12ኤዩ7 አንድ ዓይነት ናቸው።

የዋና ዋና ቱቦዎች ንጽጽር

በዳክ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ባለ ሁለት ትራዮድ ቱቦዎች የሚከተሉት ናቸው። የማጉላት ብዜት ማለት ቱቦው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ የቮልቴጅ ማጉላት ነው፤ በእውነተኛ ሰርኪዩት የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። የውስጥ ተቃውሞ ሲያንስ ቱቦው ረጅም ገመድንና ቀጣዩን መሣሪያ ለመንዳት ይቀለዋል።

• ኢሲሲ83 (12ኤኤክስ7)፦ የማጉላት ብዜት 100፣ የውስጥ ተቃውሞ 62,500 ኦም ገደማ። በጊታር አምፕሊፋየር የታወቀ ሲሆን ለዳክ መውጫ ግን ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ያጎላል።
• ኢሲሲ81 (12ኤቲ7)፦ የማጉላት ብዜት 60፣ የውስጥ ተቃውሞ 11,000 ኦም ገደማ።
• ኢሲሲ82 (12ኤዩ7)፦ የማጉላት ብዜት ከ17 እስከ 20፣ የውስጥ ተቃውሞ 7,700 ኦም ገደማ። በመጠነኛ ማጉላቱ ምክንያት በዳክ ውስጥ የተለመደ ነው።
• ኢሲሲ88 (6ዲጄ8)፦ የማጉላት ብዜት 33፣ የውስጥ ተቃውሞ 2,600 ኦም ገደማ። በዝቅተኛ የአኖድ ቮልቴጅ፣ በ90 ቮልት አካባቢ፣ በደንብ ይሠራል። ኢ88ሲሲ (6922) ለረጅም ዕድሜ የተዘጋጀ ዝርያው ነው።
• 6ኤስኤን7፦ የማጉላት ብዜት 20፣ የውስጥ ተቃውሞ 7,700 ኦም ገደማ። ባለ ስምንት እግር ኦክታል ሶኬት ይጠቀማል፤ በመጠንም ከሌሎቹ ይተልቃል።
• 6ኤን30ፒ፦ ከሩሲያ የመጣ፤ የማጉላት ብዜት 15፣ የውስጥ ተቃውሞ ከ1,000 ኦም በታች።

ሊተካኩ የሚችሉና የማይችሉ ቱቦዎች

አንድ ቱቦ በሶኬቱ ውስጥ መግባቱ ብቻ ተተኪ አያደርገውም። አራት ነገሮች መመሳሰል አለባቸው፦ የእግሮቹ አደራደር፣ የማሞቂያው ቮልቴጅና ጅረት፣ የሚችለው ከፍተኛ የአኖድ ቮልቴጅ፣ እንዲሁም የሥራ ነጥቡ።

በኢሲሲ81፣ በኢሲሲ82 እና በኢሲሲ83 የእግሮች አደራደርና የማሞቂያ ፍላጎት አንድ ነው (12.6 ቮልት በ150 ሚሊአምፔር፣ ወይም 6.3 ቮልት በ300 ሚሊአምፔር)። ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ማሞቂያው አይጎዳም። ለኢሲሲ82 በተሠራ ሰርኪዩት ውስጥ ኢሲሲ83 ሲገባ ግን ቱቦው በታሰበለት ነጥብ ላይ አይሠራም፤ የውስጥ ተቃውሞውም ስምንት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ድምጹ ሊዛባ ወይም ዝቅተኛው የሙዚቃ ክፍል ሊደክም ይችላል።

ኢሲሲ88 እንደ ኢሲሲ82 ዘጠኝ እግር ቢኖረውም የማሞቂያው ሽቦ አያያዝ የተለየ ነው፤ ለአኖዱ የተፈቀደው ከፍተኛ ቮልቴጅም 130 ቮልት ብቻ ሲሆን የኢሲሲ82 ግን 300 ቮልት ነው። በመሆኑም በተለየ ሁኔታ ካልተዘጋጀ በስተቀር አንዱን በሌላው መተካት ቱቦውን ወይም መሣሪያውን ያበላሻል። ሶቪየት ሠራሹ 6ኤን1ፒ የእግር አደራደሩ ከኢሲሲ88 ጋር ይስማማል፤ ማሞቂያው ግን 600 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። ለኢሲሲ88 የሚበቃው 365 ሚሊአምፔር ስለሆነ ትርፉ ጭነት ትራንስፎርመሩን ወይም የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውን ከልክ በላይ ሊያግለው ይችላል። ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ሊከሰት የሚችል በመሆኑ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል።

በማስተካከያ ቱቦዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጂዜድ34 ከ5ዩ4ጂ ያነሰ ቮልቴጅ በራሱ ላይ ስለሚያስቀር፣ ሲተካ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይጨምራል። በተቃራኒው 5ዩ4ጂ 3 አምፔር የማሞቂያ ጅረት ሲፈልግ ጂዜድ34 1.9 አምፔር ብቻ ይበቃዋል። የመጨረሻው ዳኛ የአምራቹ መመሪያ ነው፤ በመመሪያው ያልተጠቀሰ ቱቦ እንደማይገባ መቁጠር ይመረጣል።

የድምጽ ልዩነት ከየት ይመጣል

የባለ ቱቦ መሣሪያ ድምጽ ብዙ ጊዜ «ሞቃት» ወይም «ለስላሳ» ይባላል። ከዚህ አባባል በስተጀርባ ያሉት በመለኪያ ሊታዩ የሚችሉ ምክንያቶች ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው የሃርሞኒክ መዛባት ነው። ትራዮድ ሲያጎላ በዋናነት ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ይጨምራል። ለምሳሌ 440 ሄርትዝ ድምጽ ሲገባ ጥቂት 880 ሄርትዝ አብሮ ይወጣል። ይህ በሙዚቃ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ያው ኖታ ስለሆነ ጆሮን አይረብሽም፤ ድምጹን የወፈረ ሊያስመስለው ይችላል። በቴክኒክ ቋንቋ ግን በቅጂው ውስጥ ያልነበረ ተጨማሪ ነገር ነው።

ሁለተኛው የመውጫ ተቃውሞና ካፓሲተር ነው። የዳክ መውጫ 1,000 ኦም፣ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ 10,000 ኦም ከሆነ ከሲግናሉ 91 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ቅናሹ 0.8 ዴሲቤል ያህል ነው። ከቱቦው በኋላ የሚቀመጠው ካፓሲተር ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ ጋር ሆኖ ዝቅተኛውን ድምጽ ይቆርጣል። 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ10,000 ኦም ጋር ሲሆን ቅነሳው በ16 ሄርትዝ አካባቢ ይጀምራል፤ ከ47,000 ኦም ጋር ሲሆን ግን ወደ 3.4 ሄርትዝ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ዳክ በሁለት የተለያዩ አምፕሊፋየሮች ላይ የተለያየ ባስ ቢያሰማ ጥፋቱ የቱቦው ላይሆን ይችላል። በጥቅሉ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ተቃውሞ ከዳኩ መውጫ ቢያንስ አሥር እጥፍ እንዲሆን ይመከራል።

ሦስተኛው የማይፈለግ ድምጽ ነው። ቱቦ የራሱ የሆነ የ«ሽ» ድምጽ አለው። በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ሲንቀጠቀጡም ንዝረቱን ወደ ሲግናል ይለውጡታል፤ ይህ ማይክሮፎኒክ ጠባይ ይባላል። የማሞቂያው ጅረት በደንብ ካልተጣራ የ50 ወይም የ100 ሄርትዝ ጉምጉምታ ይሰማል።

አዲስና አሮጌ ቱቦዎች

ዛሬ አዲስ ቱቦ የሚመረተው በዋናነት በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው። ከዚህ ሌላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመርተው ሳይሠራባቸው በመጋዘን የቆዩ ቱቦዎች ይሸጣሉ። የጀርመኑ ቴሌፉንከንና የእንግሊዙ ሙላርድ ምርቶች በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሚፈለጉት ውስጥ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከአዲሶቹ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ይህ የዋጋ ልዩነት ለማጭበርበር በር ከፍቷል። በመስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በቀላሉ ስለሚታተም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስሙ እውነተኛ ቢሆንም የተሠራበትን ቦታ ላያሳይ ይችላል፤ ለምሳሌ የሙላርድ ስም በአሁኑ ጊዜ በሩሲያ በሚመረቱ ቱቦዎች ላይ ይገኛል። በብዙ የቴሌፉንከን ትንንሽ ቱቦዎች ላይ በእግሮቹ መካከል በመስታወቱ ውስጥ የተቀረጸ የአልማዝ ቅርጽ ምልክት አለ፤ የተቀረጸ ምልክት ከታተመ ጽሑፍ ይልቅ ለመኮረጅ ያስቸግራል። ከመልኩ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመለኪያ ውጤት ነው፦ የሁለቱ ትራዮዶች ጅረት መቀራረብ፣ የጋዝና የመፍሰስ ምርመራ፣ የድምጽ ንጽሕና።

የቱቦ ዕድሜ ውስን ነው። እንደ ኢ88ሲሲ ያሉ ለረጅም ዕድሜ የተሠሩ ቱቦዎች ለ10,000 ሰዓታት ታስበው የተዘጋጁ ናቸው። መሣሪያው ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢቆይ ዓመቱ ብቻ 8,760 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ባለ ቱቦ ዳክን ሁልጊዜ ክፍት ማቆየት አዋጭ አይደለም።

የደህንነት ጥንቃቄ

በባለ ቱቦ ዳክ ውስጥ ያለው የአኖድ ቮልቴጅ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ቮልት ይደርሳል፤ ይህ ሰውን ለመግደል ይበቃል። መሣሪያው ከኮረንቲ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጁን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ቱቦዎቹ ከሣጥኑ ውጪ የሚታዩ ከሆነ መሣሪያውን አጥፍቶ፣ ከሶኬት ነቅሎና ቱቦው እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ መቀየር ይቻላል። ቱቦዎቹ በክዳን ሥር ከሆኑ ግን ክዳኑን መክፈት የሚገባው ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውን ለክቶ ማረጋገጥ የሚችል ባለሙያ ነው። በሥራ ላይ ያለ ቱቦ እጅን ሊያቃጥል ስለሚችል ልጆች በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

አተካከልና አጀማመር

ቦታ፦ ዳኩ በዙሪያውና ከላዩ አየር የሚያገኝ፣ የማይንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በስፒከር ላይ ማስቀመጥ ማይክሮፎኒክ ጠባይን ያባብሳል። ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር በቅርብ ካለ ጉምጉምታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ማራራቅ ይረዳል።

ኮረንቲ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ሲሆን በአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዳክ የቮልቴጅ መምረጫ ከሌለው ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም፤ ለ60 ሄርትዝ ብቻ የተሠራ መሣሪያ በ50 ሄርትዝ ይበልጥ ሊግል ስለሚችል በጀርባው ላይ «50/60» የሚል ጽሑፍ መኖሩ መታየት አለበት። የቮልቴጅ መዋዠቅ ባለበት አካባቢ ስታብላይዘር ማሞቂያዎቹን ይጠብቃል።

ቱቦ ማስገባት፦ በኖቫል ቱቦ ላይ በአንደኛውና በዘጠነኛው እግር መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፤ ይህ ክፍተት ከሶኬቱ ክፍተት ጋር ይገጣጠማል። በኦክታል ቱቦ ደግሞ መሐሉ ላይ ያለው ምሰሶ አቅጣጫውን ያሳያል። ኖቫል ቱቦ ቀጥ ተደርጎ ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ጎንና ጎን በኃይል ከተወዛወዘ እግሮቹ የተተከሉበት መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል። ኦክታል ቱቦ ሲነቀል የሚያዘው በመስታወቱ ሳይሆን በመሠረቱ ነው።

ገመድና ኮምፒውተር፦ በዩኤስቢ የተያያዘ ዳክ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ሰዓት ስለሚጠቀም የኮምፒውተሩ የሰዓት መዛነፍ አይደርስበትም። የኮአክሲያል ኤስፒዲፍ ገመድ 75 ኦም መሆን አለበት። የቶስሊንክ ገመድ መረጃውን በብርሃን ስለሚያስተላልፍ በኮምፒውተሩና በዳኩ መካከል የኤሌክትሪክ ግንኙነት አይኖርም፤ በመሬት መስመር ምክንያት የሚመጣ ጉምጉምታ ካለ ይህ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ሊነክስና ማክኦኤስ፣ እንዲሁም ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለው ዊንዶውስ 10፣ የዩኤስቢ ድምጽ ሁለተኛ ደረጃን ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይቀበላሉ። በሲስተሙ ቅንብር ውስጥ የናሙናው ቁጥር ከሙዚቃው ጋር አንድ እንዲሆን ይደረጋል፤ የሶፍትዌሩ ድምጽ ወደ ሙሉ ከፍ ተደርጎ መጠኑ በአምፕሊፋየሩ ይስተካከላል።

ማብራትና ማጥፋት፦ መጀመሪያ ዳኩ፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየሩ ይበራል። ሲጠፋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ አምፕሊፋየሩ ይቀድማል። ቱቦው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ድንገተኛ ቮልቴጅ ስፒከሩን እንዳይመታ የሚደረገው በዚህ ነው። አዲስ ቱቦ ሲበራ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መከታተል ያስፈልጋል፤ የማሞቂያው ብርቱካናማ ፍካት ጤናማ ነው። ለማድመጥ ወይም ለመለካት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማሞቅ የተለመደ ነው።

ቱቦዎችን በጆሮ ማወዳደር

ሁለት ቱቦዎችን በትክክል ማወዳደር ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። አንዱ ምክንያት መጠን ነው፦ ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምጽ «ከፍ ያለ» ሳይሆን «የተሻለ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። የ1 ዴሲቤል ልዩነት በቮልቴጅ 12 በመቶ ነው፤ ሁለት ቱቦዎች በማጉያ ሰርኪዩት ውስጥ ይህን ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ከማድመጥ በፊት አንድ ቋሚ የፈተና ድምጽ አጫውቶ የመውጫውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር መለካትና መጠኖቹን ማመጣጠን ያስፈልጋል። 2.00 እና 2.02 ቮልት ከ0.1 ዴሲቤል በታች ልዩነት ስላላቸው ለንጽጽር በቂ ናቸው። ርካሽ መልቲሜትሮች በከፍተኛ ድግግሞሽ ስለሚሳሳቱ የፈተናው ድምጽ ከ400 ሄርትዝ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። ቱቦ ለመቀየር መሣሪያውን ማጥፋት፣ ማቀዝቀዝና እንደገና ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ጥቃቅን የድምጽ ልዩነቶች ግን በማስታወስ ችሎታ ውስጥ ይህን ያህል አይቆዩም። ለዚህ ጥሩው ዘዴ ያንኑ ሙዚቃ በእያንዳንዱ ቱቦ አጫውቶ የዳኩን መውጫ በጥሩ የድምጽ መቅጃ ካርድ መቅዳት ነው። ከዚያ ሁለቱ ፋይሎች በመጠን ተመጣጥነው ኤቢኤክስ በተባለ የፈተና ሶፍትዌር ይነጻጸራሉ። ሶፍትዌሩ ኤ እና ቢን ያሰማል፤ ከዚያም ኤክስ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አድማጩን ይጠይቃል።

ከ16 ሙከራ 12 ወይም ከዚያ በላይ በትክክል መመለስ በግምት ብቻ የሚገኝበት ዕድል 3.8 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 12 የመለሰ ሰው ልዩነቱን ሰምቶ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል፤ 8 ወይም 9 የመለሰ ግን ሳንቲም ወርውሮ ከሚገኘው ውጤት አልራቀም። ፈተናው የትኛው ቱቦ እንደሚያስደስት አይናገርም፤ ልዩነቱ መሰማት አለመሰማቱን ብቻ ይለያል። አንድ አድማጭ በመዛባት የበለጠውን ቱቦ ቢመርጥ ስሕተት አይደለም፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው። ለውድ ቱቦ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ግን ልዩነቱ በእርግጥ የሚሰማ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

የብልሽት ምልክቶች

• አኖዱ ራሱ ቀልቶ መታየት፦ ከመጠን ያለፈ ጅረት እያለፈ ነው፤ መሣሪያው ወዲያው መጥፋት አለበት።
• ጌተሩ መንጣት፦ ቱቦው አየር ገብቶበታል።
• በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ የ«ሽ» ወይም የመንቋቋት ድምጽ፦ የግራና የቀኝ ቱቦዎች ቦታ ይቀያየራሉ። ድምጹ ከቱቦው ጋር ወደ ሌላው ጎን ከሄደ ችግሩ የቱቦው ነው፤ ባለበት ከቀረ ግን የመሣሪያው ወይም የገመዱ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው ለእያንዳንዱ ጎን የየራሱ ቱቦ ባለው ዳክ ላይ ነው።
• መሣሪያው ሲነካ የሚያስተጋባ የብረት ድምጽ፦ ቱቦው ማይክሮፎኒክ ነው።
• በሁለቱም ጎን ያለ ጉምጉምታ፦ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል አቅርቦት ወይም የመሬት መስመር ችግር ነው።
• ማሞቂያው አለመፍካት፦ ሽቦው ተቃጥሏል ወይም የቱቦው እግር ከሶኬቱ ጋር ያለው ግንኙነት ላልቷል። ነገር ግን በአንዳንድ ቱቦዎች ፍካቱ በብረቱ ስለሚሸፈን በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም።